ለሕክምና ትምህርት የተዘረፉ መቃብሮች፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ኤድንብራ ከተማ፣ ግሬይፍራያርስ የሚባለው ቤተ ክርስቲያን ግቢ የገባ ሰው መጀመሪያ ግራ ይገባዋል። መቃብር ላይ ወፍራም የብረት ቀፎ ተደፍቶበት ያያል። ሟቹ ተነስቶ እንዳያመልጥ የታሰረ ይመስላል። ብረቱ ግን የተሠራው ከውጭ የሚመጣውን ለመከልከል ነው። የሚመጣው ሰው ወርቅም ቀለበትም አይፈልግም። የሚፈልገው ሬሳውን ነው። ገዢው ደግሞ የሕክምና መምህር ነው።

ስለዚህ ታሪክ ሰዎች ደጋግመው የሚያነሷቸውን ጥያቄዎች እዚህ ሰብስቤያለሁ። አብዛኛው ወሬ የብሪታንያ ነው፤ አሜሪካም ጎራ እንላለን። ዓመቶቹ በሙሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።

ሐኪሞች ሬሳ ይህን ያህል ለምን ፈለጉ?

ማደንዘዣ አልነበረማ። ኤተር ቀዶ ጥገና ክፍል በይፋ የገባው በ1846 ነው። ከዚያ በፊት እግሩ የሚቆረጥ ሰው ነቅቶ፣ በጎረምሶች ተይዞ፣ እየጮኸ ነበር የሚቆረጠው። ጎበዝ ሐኪም ማለት ፈጣን ሐኪም ነው። ፈጣን ለመሆን ደግሞ እያንዳንዱ የደም ሥር በየት በኩል እንደሚያልፍ እጅህ ሊያውቀው ይገባል። ይህ ልምምድ ይጠይቃል። መለማመጃው ወይ የሞተ ሰው ነው፣ ወይ በሕይወት ያለው የመጀመሪያ ታካሚህ።

ሌላም ችግር ነበረ። ሬሳ አይቆይም። ፍሪጅ የለ፣ ፎርማሊን የለ። ፎርማሊን ሥራ ላይ የዋለው ወደ 1800ዎቹ መጨረሻ ነው። ስለዚህ ትምህርቱ የሚሰጠው በብርድ ወራት፣ ከጥቅምት እስከ ሚያዝያ ባለው ጊዜ ነበር። በዚያ ላይ ተማሪው በዛ። ፓሪስ ውስጥ ከሆስፒታል ወገን ያልጠየቀው ሬሳ ለትምህርት ቤቶች በሕግ ይሰጥ ስለነበር ተማሪው እንደ ልቡ ይለማመዳል። ለንደንና ኤድንብራም ተማሪያቸው ወደ ፓሪስ እንዳይኮበልል የግድ ሬሳ ማግኘት ነበረባቸው።

ነገሩን የጀመሩት እንግሊዞች ናቸው?

አይደሉም። ጣሊያን ውስጥ ቦሎኛ ላይ አራት ተማሪዎች መቃብር ቆፍረው ሬሳ አወጡ ተብለው የተከሰሱት በ1319 ነው። የዘመናዊው አናቶሚ (የሰውነት አሠራር ጥናት) አባት የሚባለው ቬሳሊየስም በ1536 ገደማ፣ ሉቫን ከተማ አጠገብ፣ መስቀያ ላይ የቀረ ወንጀለኛ አጽም ፈታትቶ በድብቅ ቤቱ አስገብቷል። እንግሊዞችና ስኮቶች ያደረጉት ነገሩን ንግድ ማድረግ ነው።

በሕጋዊ መንገድ ሬሳ ማግኘት አይቻልም ነበር?

ይቻል ነበር፤ ግን አይበቃም። የስኮትላንዱ ንጉሥ ጄምስ አራተኛ በ1506 ለኤድንብራ ቀዶ ሐኪሞች በዓመት አንድ የተሰቀለ ወንጀለኛ ፈቀደ። ሄንሪ ስምንተኛ በ1540 ለለንደኖቹ አራት አደረገው። ከዚያ በ1752 በሥራ ላይ የዋለው የነፍሰ ገዳዮች ሕግ መጣ። ነፍሰ ገዳይ ከተሰቀለ በኋላ አይቀበርም፤ ወይ በአደባባይ ይንጠለጠላል፣ ወይ ለሐኪሞች ተሰጥቶ ይከፈታል።

እንደ እኔ፣ ጣጣው የመጣው ከዚህ ሕግ ነው። የሕጉ ዓላማ ቅጣቱን ማክበድ ነበር። ሞት ብቻ አይበቃም፤ ሬሳህም ይቆራረጣል ለማለት ነው። ሙታን በሥጋቸው ይነሳሉ ብሎ ለሚያምን ሕዝብ ይህ ምን ማለት እንደሆነ ለእኛ አንባቢ ማስረዳት አያስፈልግም። እንግዲህ መንግሥት ራሱ "መከፈት የነፍሰ ገዳይ ዕጣ ነው" ብሎ ካወጀ በኋላ የትኛው ጨዋ ሰው ነው ሬሳዬን ለትምህርት ውሰዱልኝ የሚለው? ሰጪ ጠፋ። የሚሰቀለውም ሰው ቁጥር ከተማሪው ጋር የሚመጣጠን አልነበረም። ክፍተቱን ሌባ ሞላው።

ሌቦቹ እነማን ነበሩ?

ሕዝቡ "ሙታን አስነሺዎች" ይላቸው ነበር። ሹፈት ነው፤ ከመቃብር የሚያስነሱት እነሱ ናቸውና። መጀመሪያ ላይ ተማሪዎቹና መምህራኑ ራሳቸው ማታ አካፋ ይዘው ይወጡ ነበር። ገንዘቡ ሲጨምር ግን የሙያ ሰው ገባበት። ለንደን ውስጥ ስመ ጥሩ ቤን ክራውች የሚባል የቀድሞ ቡጢኛ የሚመራው ቡድን ነበር። ሰዎቹ ሕክምና ትምህርት ቤቶቹን በደንብ ይዘዋቸዋል። ትምህርት ቤቱ ከሌላ ሰው ከገዛ ክፍሉ ድረስ ገብተው ሬሳውን በቢላ ይዘለዝሉታል፤ ለማስተማሪያ እንዳይሆን። ታስረው ከሆነም ሐኪሞቹ ለሚስትና ለልጆች ቀለብ ይቆርጣሉ። ታላቁ ቀዶ ሐኪም ሰር አስትሊ ኩፐር እንዲህ ያለ ክፍያ ሲፈጽም ነበር።

ከቡድኑ አንዱ፣ ጆሹዋ ኔፕልስ የተባለው፣ የ1811 እና 1812 ማስታወሻ ደብተሩ ተርፏል። ሰውየው ቀድሞ መቃብር ቆፋሪ ነበር። ደብተሩ የሂሳብ መዝገብ ይመስላል። ዛሬ የትኛው መቃብር ግቢ ሄድን፣ ስንት አገኘን፣ ለየትኛው ሆስፒታል ሸጥን፣ ማን ሰክሮ ቀረ። ጨረቃ ሙሉ ስትሆን ደግሞ ቤት ያድራሉ። ጸጸት የሚባል ነገር ፈልጌ አጣሁ። የሌባ ዓይነ ደረቅ የሚባለው ይሄኔ ነው።

እንዴት ነበር የሚያወጡት?

መቃብሩን በሙሉ የሚቆፍሩ የሚመስላቸው ብዙዎች ናቸው። እንደዚያ ቢያደርጉ ነግቶባቸው ያድራል።

መጀመሪያ መረጃ ይመጣል። ሴቶች ለቀስተኛ መስለው ቀብር ይገባሉ፤ የት እንደተቀበረ፣ ምን ያህል እንደጠለቀ፣ ማን እንደሚጠብቅ አይተው ይወጣሉ። መቃብር ቆፋሪውም ትንሽ ነገር ከተወረወረለት ዓይኑን ይጨፍናል። ማታ ሦስት አራት ሆነው ይመጣሉ። ከመቃብሩ ጎን ጨርቅ ይነጠፋል፤ የሚወጣው አፈር ሣሩ ላይ ዱካ እንዳይተው። አካፋው የእንጨት ነው፤ ብረት ድንጋይ ሲነካ ይጮሃላ። አፈሩ ያኔ የተመለሰ ስለሆነ ገና አልጠበቀም።

የሚቆፍሩት በሟቹ ራስ በኩል ብቻ ነው። የሳጥኑ ክዳን አንድ ሦስተኛው ሲገለጥ ጠርዙ ሥር መንጠቆ ያስገባሉ። ክዳኑ ላይ ድምፅ የሚያፍን ማዳበሪያ ጣል ያደርጋሉ። ከዚያ ወደ ላይ ይስባሉ። የቀረው ክዳን ላይ ያ ሁሉ አፈር ስለተጫነበት አይነሳም፤ እንጨቱ መሐል ላይ ቀጭ ብሎ ይሰበራል። ሬሳውን በብብቱ ገመድ አስገብተው ይጎትቱታል። ልብሱን ገፈው ወደ ሳጥኑ ይመልሳሉ። አፈሩ ይሞላል፣ ጨርቁ ይራገፋል። ሠልጥነው ላሉት ይህ ሁሉ አንድ ሰዓት አይፈጅም።

አንዳንድ ቤተሰብ መቃብሩ ላይ ምልክት ይተዋል፤ አንዲት ጠጠር፣ ቀንበጥ፣ የቀንድ አውጣ ቅርፊት። ሌቦቹ ይህንንም ያውቃሉ። ሲጨርሱ ጠጠሯን ቦታዋ ይመልሷታል። በማግስቱ እናት መጥታ ጠጠሯን አይታ ተጽናንታ ትሄዳለች። ልጇ ግን ከተማ መሐል፣ ጠረጴዛ ላይ ነው።

ሬሳውን ሰርቀው ከፈኑን ለምን ይመልሳሉ?

በሕጉ ምክንያት። በእንግሊዝ ሕግ ሬሳ የማንም ንብረት አይደለም። የማንም ያልሆነ ነገር ደግሞ አይሰረቅም። በ1788 አንድ ፍርድ ቤት ሬሳ ከመቃብር ማውጣት መልካም ምግባርን የሚጻረር ጥፋት ነው ብሎ ወስኗል፤ ቢሆንም ቅጣቱ ገንዘብ ወይም የጥቂት ወራት እስር ነው። ከፈኑ ግን ንብረት ነው። እሱን መስረቅ ከባድ ወንጀል ነው፤ እስከ ባሕር ማዶ ግዞት ያደርሳል። ስለዚህ ሰውየውን ይወስዱና ጨርቁን ይተዋሉ። ዳኛውም ሐኪሙ ከየት እንደሚያመጣ ያውቃል፤ ታሞ ሲተኛም ያንኑ ሐኪም ነው የሚያስጠራው።

ዋጋው ስንት ነበር?

በ1820ዎቹ አንድ የአዋቂ ሬሳ 8 እስከ 10 ጊኒ ያወጣ ነበር። ጊኒ ከፓውንድ ትንሽ ከፍ ይላል። አንድ የቀን ሠራተኛ ይህን ለማግኘት ለወራት ጉልበቱን ማፍሰስ አለበት። ሕፃናት የሚሸጡት በቁመት ነበር፤ በኢንች ተለክተው። ጥርስ ለብቻው ይነቀልና ለጥርስ ሐኪም ይሸጣል፤ የሀብታሞች ሰው ሠራሽ ጥርስ የሚሠራው በእሱ ነው።

ዕቃው ሩቅም ይጓዛል። ጥቅምት 1826 ሊቨርፑል ወደብ ላይ ወደ ስኮትላንድ ሊጫኑ የተዘጋጁ በርሜሎች መጥፎ ሽታ አመጡ። ጨው ተብሎ ተጽፎባቸዋል። ሲከፈቱ አሥራ አንድ ሬሳ ተገኘ። ዱካው ተከትሎ ሆፕ ስትሪት ላይ አንድ ምድር ቤት ሲፈተሽ ደግሞ ሃያ ሁለት ተጨመረ።

ቤተሰብ ምን ያደርግ ነበር?

ድሃውና ሀብታሙ እኩል አልነበሩም። ሀብታሙ ጥልቅ መቃብር ያስቆፍራል፣ በድንጋይ ያስገነባል። በ1818 ኤድዋርድ ብሪጅማን የተባለ ለንደናዊ ከተዘጋ የማይከፈት የብረት ሳጥን ፈልስፎ ይሸጥ ነበር።

ደስ የሚለኝ የስኮትላንድ መንደሮች መላ ነው። ሰፈርተኛው ገንዘብ አዋጥቶ ያንን የብረት ቀፎ በጋራ ያሠራል። አባል ሲሞት ቀፎው መቃብሩ ላይ ይጫናል። ሬሳው ፈርሶ ለማንም የማይጠቅም እስኪሆን ድረስ ለተወሰኑ ሳምንታት ይቆያል። ከዚያ ተነሥቶ ለሌላ ተረኛ ይሄዳል። አባል ያልሆነ ይከራየዋል። ቁጭ ብዬ ሳስበው ዕድር ነው፤ በድንኳንና በብረት ድስት ፋንታ ቀፎ ያለው ዕድር።

ሌሎች መጠበቂያ ቤት ሠርተው ጠመንጃ ይዘው ያድራሉ። ኡድኒ የሚባል መንደር ደግሞ ከሁሉ የረቀቀውን አመጣ። ክብ የድንጋይ ቤት ነው፤ ውስጡ ሰባት ሳጥን የሚይዝ የሚሽከረከር መድረክ አለው። አዲስ ሟች ሲመጣ መድረኩ ይገፋል። የመጀመሪያው ሳጥን ዞሮ በሩ ጋ ሲደርስ ሬሳው ለትምህርት የሚሆንበት ጊዜ አልፏል። የተሠራው በ1832 ነው። ንግዱን ያጠፋው ሕግም የወጣው በዚያው ዓመት ነው። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ።

ሌላው ድሃስ? ድሃው በጅምላ ጉድጓድ ነው የሚቀበረው። ሳጥን በሳጥን ላይ ይደረደርና እስኪሞላ ድረስ ጉድጓዱ በቅጡ አይዘጋም። እነ ኔፕልስ በአንድ ሌሊት ብዙ የሚያፍሱት ከዚያ ነበር።

ታዋቂ ሰው ተሰርቆ ያውቃል?

አዎ። ቻርልስ በርን የተባለ አየርላንዳዊ ቁመቱ 2 ሜትር ከ30 ገደማ ነበር። ለንደን ውስጥ ራሱን እያሳየ ይኖር ነበር። ሐኪሙ ጆን ሃንተር እንደሚፈልገው ስለሚያውቅ ስሞት ባሕር ውስጥ አስጥሙኝ ብሎ ለወዳጆቹ ተናዘዘ። በ1783 በ22 ዓመቱ ሞተ። ሃንተር ጉቦ ከፍሎ አገኘው። አጽሙ ከሁለት መቶ ዓመት በላይ በሃንተር ሙዚየም ቆሞ ሲታይ ኖሮ፣ ሙዚየሙ በ2023 ታድሶ ሲከፈት ከዕይታ ተነሥቷል። ባሕር ግን እስካሁን አልገባም።

አሜሪካም አንድ አለ። ጆን ስኮት ሃሪሰን የፕሬዚዳንት ልጅ ነው፤ ልጁ ቤንጃሚንም ኋላ ፕሬዚዳንት ሆኗል። በ1878 ኦሃዮ ውስጥ ሲቀበር ቤተሰቡ መቃብሩን በጡብና በከባድ ድንጋይ አስገንብቶ ዘበኛ ቀጠረ። በማግስቱ ሌላው ልጁ የጠፋ የሌላ ወጣት ሬሳ ፍለጋ ሲንሲናቲ ያለ የሕክምና ኮሌጅ ሄደ። በገመድ የተንጠለጠለ ሬሳ አሳዩት። የፊቱ ጨርቅ ሲገለጥ የገዛ አባቱ ነው።

በርክና ሄር መቃብር ዘራፊዎች ነበሩ?

በፍጹም። ይህ በብዛት የሚሳሳቱበት ነው። አንድም መቃብር አልቆፈሩም።

ሄር ኤድንብራ ውስጥ አልጋ የሚያከራይ ሰው ነበር። በ1827 መጨረሻ አንድ ሽማግሌ ተከራይ 4 ፓውንድ ዕዳ ሳይከፍል በሕመም ሞተ። ሄርና ጓደኛው ዊልያም በርክ ሳጥኑን በዛፍ ቅርፊት ሞልተው ያንን አስቀበሩ። ሬሳውን ለዶክተር ሮበርት ኖክስ ትምህርት ቤት 7 ፓውንድ ከ10 ሽልንግ ሸጡት። ተገረሙ። መቆፈር የለ፣ ውርጭ የለ። ከዚያ በኋላ መሞታቸውን መጠበቅ ተዉ። እንግዳ ጠርተው ውስኪ እያጠጡ ያሰክሩና አፍና አፍንጫ አፍነው ይገድላሉ። ቁስል የለው፣ ደም የለው፤ ለትምህርት የተመቸ። አንድ ዓመት ባልሞላ ጊዜ አሥራ ስድስት ሰው ገደሉ። አብዛኞቹ ድሃ፣ መንገደኛ፣ ጠያቂ የሌላቸው ነበሩ። ከመሐላቸው ከተማው ሁሉ የሚያውቀው "ጄሚ" የሚባል የአእምሮ ውስንነት ያለበት ወጣት ነበር። እሱን ያዩ ተማሪዎች አወቁት ይባላል።

ያጋለጣቸው ፖሊስ አይደለም፤ ሐኪምም አይደለም። በ1828 ጥቅምት መጨረሻ በርክ ቤት በእንግድነት ያደሩ ድሃ ባልና ሚስት ናቸው። ሚስትዮዋ አልጋው ግርጌ ያለውን ጭድ ስታነሳ የሴት ሬሳ አገኘች። ዝም ካላችሁ በሳምንት 10 ፓውንድ እናስገኝላችኋለን ተባሉ። እምቢ ብለው ፖሊስ ጋ ሄዱ። ቤሳ ቤስቲን የሌላቸው ሰዎች ናቸው እኮ።

ገዢው ዶክተር ኖክስ ተቀጣ?

አልተከሰሰም። ሄርም ጓደኛው ላይ መስክሮ ነጻ ወጣ። የተሰቀለው በርክ ብቻ ነው። ኖክስ ቤቱ በሕዝብ ተከቦ መስኮቱ ተሰብሯል፣ ስሙም ጠፍቷል፤ እስር ቤት ግን አላየም። ዕድሜ ልኩን ስንት ሬሳ የከፈተ ባለሙያ፣ ያውም ሳጥን ውስጥ ያልገባ ትኩስ ሬሳ ሲመጣለት፣ "ይሄ ከየት መጣ?" ሳይል ቀረ ብሎ መቀበል ለእኔ ይከብደኛል።

አሜሪካ ውስጥስ ማን ነበር የሚሰረቀው?

በአብዛኛው ጥቁሮች። ኒው ዮርክ ውስጥ በየካቲት 1788 ነጻና በባርነት ያሉ ጥቁሮች የሙታኖቻችንን መቃብር ተማሪዎች እየቆፈሩብን ነው ብለው ለከተማው ምክር ቤት አቤት አሉ። ሰሚ አላገኙም። በሚያዝያ ግን የነጭ ሬሳም ተሰረቀ ሲባል ከተማው ተነሳ። ሕዝቡ ሆስፒታሉን ሰብሮ ገባ፤ ሐኪሞቹ እስር ቤት ተሸሽገው ዳኑ። ሊያረጋጋ የወጣው ጆን ጄይ፣ ኋላ የአገሪቱ የመጀመሪያ ዋና ዳኛ የሆነው፣ በድንጋይ ተፈነከተ። ወታደር ተኩሶ ሰው ሞተ። በዓመቱ ሬሳ መስረቅን የሚከለክል ሕግ ወጣ።

ያ የጥቁሮች መቃብር ተረስቶ ሕንፃ ተሠርቶበት ነበር። በ1991 ለመንግሥት ሕንፃ መሠረት ሲቆፈር ተገኘ። ኒው ዮርክ ያላችሁ፣ ብሮድዌይ አጠገብ ዱዌን ስትሪት ላይ ነው፤ መታሰቢያውን ሄዳችሁ ማየት ትችላላችሁ።

ጆርጂያ ውስጥ ኦገስታ ያለው የሕክምና ኮሌጅ ደግሞ በ1852 ግራንዲሰን ሃሪስ የተባለ ሰው በ700 ዶላር ገዛ። ሰው ገዝቶ ሰው ሊያሰርቅ። ባሪያ ማንበብ በተከለከለበት አገር ፊደል አስቆጠሩት፤ ጋዜጣ ላይ ማን እንደሞተ እንዲያይ። ማታ ማታ ከጥቁሮች መቃብር እያወጣ በጋሪ ያመጣ ነበር። በ1989 የድሮው ሕንፃ ሲታደስ ምድር ቤቱ ውስጥ ወደ አሥር ሺህ የሚጠጋ የሰው አጥንት ተገኘ።

ስርቆቱ እንዴት ቆመ?

በ1832 የብሪታንያ ፓርላማ የአናቶሚ ሕግ አወጣ። አራት ዓመት ቀደም ብሎ ጉዳዩን ያጣራ ኮሚቴ ነበር፤ አስትሊ ኩፐር እዚያ ቀርቦ የማንንም ሰው ሬሳ፣ የፈለገ ትልቅ ሰው ቢሆን፣ ከፈለግሁ አገኛለሁ ብሎ ፊት ለፊት ነገራቸው። እንደ በርክ የሚሠሩ ሰዎች በ1831 ለንደንም ውስጥ ሲያዙ ጉዳዩ ተቻኮለ። በአዲሱ ሕግ በድሆች መጠለያና በሆስፒታል ሞቶ ወገን ያልጠየቀው ሰው ለትምህርት ቤቶች ይሰጣል። የነፍሰ ገዳዮች መከፈትም ቀረ። የሌባው ገበያ ወዲያው ሞተ።

ድሃው ግን አልተደሰተም። ትናንት የነፍሰ ገዳይ ቅጣት የነበረው ዛሬ የድህነት ቅጣት ሆነ። ሼፊልድ ላይ በ1835 ሕዝብ ተነሥቶ የአናቶሚ ትምህርት ቤቱን አወደመ። ፈላስፋው ጀረሚ ቤንታም በበኩሉ ሬሳዬን ክፈቱት ብሎ ተናዞ ስለነበር በ1832 ሲሞት ተከፈተ፤ አጽሙ ልብሱን ለብሶ ዛሬም ለንደን ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ተቀምጧል። ሰው በገዛ ፈቃዱ ሬሳውን መስጠት የተለመደው ግን ከመቶ ዓመት በኋላ ነው።

ኢትዮጵያ ውስጥ እንዲህ ያለ ዘመን ነበረ?

ዘመኑ አልገጠመንም። አዲስ አበባ ላይ የሕክምና ፋኩልቲ የተከፈተው በ1960ዎቹ ነው። ያኔ ሬሳ በፎርማሊን ለወራት ይቆይ ነበር፤ ሌሊት መቃብር የሚያስወጣ ጥድፊያ አልነበረም። ቤቱ የሕክምና ተማሪ ያለ ሁሉ ሽታውን ያውቀዋል። ጋዋኑ ሦስት ጊዜ ታጥቦም አይለቅም።

የበርክ ሬሳ የት ነው ያለው?

ፍርዱ በገዛ ሥራው ነው የተሰጠው። ጥር 28 ቀን 1829 ሃያ አምስት ሺህ የሚሆን ሰው እያየ ተሰቀለ፤ ከዚያ ኤድንብራ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ፕሮፌሰር ሞንሮ በተማሪ ፊት ከፈተው። አጽሙ እስካሁን በዩኒቨርሲቲው የአናቶሚ ሙዚየም ቆሟል። ከቆዳው የተሠራ የኪስ ደብተር ደግሞ እዚያው ከተማ፣ በቀዶ ሐኪሞች ሙዚየም መስታወት ውስጥ አለ። ቡናማ ነው፤ ያረጀ። ጽሑፉን ካላነበቡት የማንም ሰው ደብተር ይመስላል።